የነርስነት ደጅ በሆጤ ልጆች ፊት

በደሴ ከተማ፥ ከጦሳ ተራራ በታች፥ በሆጤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚማሩ ወጣቶች ወደ ፊት ምን ለመሆን እንደሚመኙ ሲጠየቁ ሐኪም ብሎ የሚመልሰው ብዙ ሲሆን፥ ነርስነትን በመጀመሪያ ቃሉ የሚጠራው ግን ጥቂት ነው፤ እኔም ይህን የምጽፈው ስለዚያ ጥቂት ሰው ነው፤ ምክንያቱም ነርስነት ሐኪምነት ሲያመልጥ የሚያዝ ተራፊ ወንበር ሆኖ መቈጠሩ ለሙያውም ለሕሙማኑም ጕዳት ነው ብዬ ስለማምን ነው።

የመጀመሪያው ደጅ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ነው። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ ተማሪው ከቤቱ ተለይቶ በዩኒቨርሲቲ ግቢ እያደረ እንዲፈተን ተደረገ፤ ከመቶ ሃምሳ ያላገኘም በቀጥታ እንዳይገባ ተወሰነ። በዚያ ዓመት ከተፈተኑት ያለፉት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2፥ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ሆኑ። ለጤና ትምህርት የሚያበቃው የተፈጥሮ ሳይንስ ዘርፍ ስለሆነ፥ የነርስነት ተምኔት ያለው ወጣት ባዮሎጂውን ብቻ ወድዶ ሒሳቡንና ፊዚክሱን ቢሸሽ መንገዱ በዚያው ይዘጋበታል። ከግማሽ በታች ካገኙት መካከል የተሻሉት ሪሜዲያል በሚባለው የማካካሻ ትምህርት ሌላ ዕድል ያገኛሉ።

ብዙ ወላጅ የማያውቀው ግን ሁለተኛው ደጅ ነው። ልጁ ለምሳሌ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ስለ ደረሰው ወዲያው ነርሲንግ ገባ ማለት አይደለም፤ አስቀድሞ ከሌሎች የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች ጋር ፍሬሽማን የሚባለውን የመጀመሪያ ዓመት ትምህርት ይማራል፤ ከዚያ በኋላ የ12ኛ ክፍል ውጤቱና የፍሬሽማን ነጥቡ በወጣው ደንብ ተመዝኖ፥ ከምርጫው ጋር ተያይቶ፥ የትምህርት ክፍል ይደለደላል። ስለዚህ ከብሔራዊው ፈተና ድካም ለማረፍ ሲል የመጀመሪያውን ሴሚስተር በዝንጋኤ የሚያሳልፍ ተማሪ፥ ሳያውቀው ቦታውን ለሌላ ሰው እየለቀቀ ነው። ይህን አስቀድሞ የሚነግረው ታላቅ ወንድም ወይም ታላቅ እኅት የሌለው ልጅ ሲጎዳ ማየት እጅግ ያሳዝናል።

በነርሲንግ ክፍል የቦታው ቍጥር ለምን ያንሳል ቢባል፥ የነርስ ትምህርት በመማሪያ ክፍል ብቻ የሚፈጸም ስላልሆነ ነው። ተማሪው በአስተማሪ ዓይን ሥር ሆኖ የሕመምተኛን ሙቀትና የደም ግፊት መለካት፥ መድኃኒት በሰዓቱና በልኩ መስጠት፥ ቍስል ማጠብ፥ ሌሊት ተረኛ ሆኖ ማደር አለበት፤ አንድ አልጋ ደግሞ ዐሥር ተማሪ ሊከበው አይገባም፤ የሚታከመው ሰው ክብር ያለው ፍጡር ነውና። በ2014 ዓ.ም. በሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት የደሴ ሆስፒታል በተዘረፈና በወደመ ጊዜ፥ የጐደለው የወሎና የአጎራባቹ ሕዝብ መታከሚያ ብቻ ሳይሆን የነገዎቹ ነርሶች መማሪያም ነበረ።

ስለ ሙያው ክብር የሚጠራጠር ቢኖር የልዕልት ፀሐይን አብነት ላስታውሰው። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሺስት አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ ሆስፒታሉና የቀይ መስቀል ድንኳኖች እንኳ አልተረፉም ነበር፤ አገሪቱም ቍስለኛዋን የሚያስታምም የተማረ ሰው ምን ያህል እንደሚያስፈልጋት በዚያ ዘመን በግልጥ ታየ። የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ልዕልት ፀሐይም በስደት ሳሉ በለንደን በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል እንደ ማንኛዪቱም ተማሪ ነርስ ገብተው፥ በ1931 ዓ.ም. ትምህርታቸውን ፈጸሙ። በነሐሴ ወር 1934 ዓ.ም. ገና በ22 ዓመታቸው በነቀምት ዐረፉ፤ በስማቸው የተሠራውም ሆስፒታል ዛሬ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል የሚባለው ነው። ማንኛውንም ማዕርግ ሊመርጡ የሚችሉ እኒህ ሴት ነርስነትን የመረጡት ሌላ ስላጡ አልነበረም።

ነጥቡ ለዲግሪ ያልበቃውም ቢሆን የሚሄድበት ፍኖት አለው። የደሴ ጤና ሳይንስ ኮሌጅ የመሰሉ የክልሉ ኮሌጆች በደረጃ 4 ነርሶችን ያሠለጥናሉ፤ እዚያም መግቢያው ውድድር ነው፤ ሲጨርሱም ሰዉ ሲኦሲ የሚለውን የብቃት ምዘና ማለፍ ግድ ይላል። ከዚያ በጤና ጣቢያ አገልግሎ፥ የሕሙማንን ጠባይ በተግባር ተምሮ፥ ወደ ዲግሪ የሚሻገር ሰው አለ፤ እንዲህ ያለው ሰው መጽሐፉን ሲገልጥ የሚያነበውን በሽታ አስቀድሞ በሰው ፊት ላይ አይቶታልና፥ ከቀጥተኛው ተማሪ የሚያንስበትን ምክንያት አላገኝም። በዲግሪ የሚመረቀው ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና ይጠብቀዋል፤ በኋላም የጤና ሚኒስቴር የሙያ ፈቃድ ምዘና አለ። ሐኪሙ ጐብኝቶ ካለፈ በኋላ መዓልትና ሌሊት ከሕመምተኛው ጋር የሚቀረው ነርሱ ስለሆነ፥ ይህ ሁሉ ፈተና አይበዛበትም እላለሁ።