የግሽ ዓባይ ልኬት በጨረታ አዳራሽ

ለትምህርት ባሕር ማዶ ሳለሁ የጥንታዊ መጻሕፍት ጨረታ ለማየት ገብቼ ነበር። ከቀረቡት አንዱ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1790 እ.ኤ.አ. በኤዲንብራ ያሳተመው ባለ አምስት ቅጽ የጉዞ መጽሐፍ ነበረ። ተጫራቾቹ የሚመረምሩት የቆዳ ሽፋኑን፣ የቅጾቹንና የካርታዎቹን መሟላት ነው፤ አንድ ካርታ ከጎደለ ዋጋው ይወርዳል። እኔ የፈለግሁት ግን የግሽን ኬክሮስ ነበር።

ብሩስ ከፍኖተ ሰላም በስተሰሜን የሚገኘውን የግሽ ዓባይን ምንጭ ያየው በ1770 ነው። ኳድራንት በተባለው የማዕዘን መለኪያ የሰማይ አካላትን ከፍታ ለክቶ ኬክሮሱ ወደ 11 ዲግሪ እንደሚጠጋ አስላ፤ የዛሬው የሳተላይት ልኬትም ከዚህ አይርቅም። ምንጩን የደረሰበት የመጀመሪያው አውሮፓዊ እኔ ነኝ ማለቱ ግን ስሕተት ነበር፤ ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 ቀድሞታል። (የሰከላን ገበሬ የጠየቀውማ የለም!)

መጽሐፉን ለመግዛት ኪሴ አልፈቀደም። ልኬቱን መድገም ግን ገንዘብ አይጠይቅም። የፍኖተ ሰላም ወይም የቡሬ ተማሪ መስከረም 12 ወይም 13 ቀን የአንድ ሜትር በትር ቀጥ አድርጎ ይትከል፤ በቀትር እጅግ ያጠረው ጥላ 19 ሴንቲሜትር ገደማ ይሆናል። ጥላው ለበትሩ ርዝመት ሲካፈል የኬክሮሱን ታንጀንት ይሰጣል።