የመጀመሪያው ሞተርሳይክል፦ ከመፍጠን በፊት መቆም

ከጅማ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው አውራ ጎዳና 100 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዝን ሰኮሩን እናገኛለን። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ግድም ላይ ትገኛለች። መንገዱ ከእርሷ አልፎ ጥቂት ከቀጠለ በኋላ እየተጠማዘዘ ወደ ጊቤ ሸለቆ ይወርዳል። ባለፈው ጥር ዘመድ ለመጠየቅ ወደዚያ ሄደን ነበር። ቡናው ተለቅሞ፣ ደርቆና ተሸጦ ያለቀበት ወቅት ነው። የእኅታችን ልጅ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቆ በአቅራቢያው በሚገኝ ትምህርት ቤት ሥራ ከጀመረ ዓመት አልሞላውም። ካጠራቀመው ደመወዝ ላይ እናቱ ከቡናው ሽያጭ ጨምራለት ሞተርሳይክል ሊገዛ ተነሥቷል። ቡና እየጠጣን ሳለ በስልኩ ላይ ያስቀመጣቸውን ሥዕሎች አሳየንና እንዲህ ሲል ጠየቀን፦

«ጋሼ፣ እርስዎ ፊዚክስ ነው የሚያስተምሩት፤ እስቲ ይንገሩኝ፣ ከእነዚህ የትኛው ይበልጥ ይፈጥናል?»

ከሥዕሎቹ አንዱ 600 ሲሲ የሆነ፣ ያገለገለ የስፖርት ሞተርሳይክል ነበር። ሌሎቹ ከ150 እስከ 250 ሲሲ የሚደርሱ ናቸው። እናቱ ጀበናውን እንደያዘች የእኛን መልስ ትጠብቅ ነበር። የጥያቄው መልስ በአንድ ቃል ሊሰጥ ይችል ነበር፤ ሆኖም ጥያቄው ራሱ የተሳሳተ ሆኖ አገኘነው። አዲስ ነጂ መጠየቅ የሚገባው «የትኛው ይፈጥናል?» ብሎ ሳይሆን «የትኛው ስሕተቴን ይታገሣል?» ብሎ ነው። ይህንኑ ጥያቄ የሚያነሡ ብዙ ወጣቶች በመኖራቸው፣ ለእርሱ የሰጠነውን ማብራሪያ ለውድ አንባብያን እነሆ እንላለን።

«ስፖርት» ሲባል ምን ማለት ነው?

የስፖርት ሞተርሳይክል መለያው ቀለሙና ሽፋኑ ብቻ አይደለም። መሪው ዝቅ ያለ፣ ነጂው ወደ ፊት የሚያዘነብልበት፣ ሞላው ጠንከር ያለ፣ ሞተሩም በከፍተኛ ዙር ብዙ ኃይል የሚሰጥ ነው። ይሁን እንጂ በዚህ ስም ከሚጠሩት መካከል ያለው ልዩነት እጅግ ሰፊ ነው። ልዩነቱን ለመረዳት የሲሲውን ቁጥር ብቻ ማየት አይበቃም፤ ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ክብደት ስንት ዋት ይደርሳል ብለን ማስላት ይኖርብናል።

በከተሞቻችን በብዛት የሚታየውን 150 ሲሲ ቦክሰር እንውሰድ። 12 የፈረስ ጉልበት ወይም 9,000 ዋት ያህል አለው። 65 ኪሎ ግራም የሚመዝን ነጂ ሲጨመርበት ለአንድ ኪሎ ግራም 50 ዋት ገደማ ይደርሳል። 26 የፈረስ ጉልበት ያለው ሆንዳ ሲቢአር 250 በዚሁ ስሌት ወደ 85 ዋት ይጠጋል። 118 የፈረስ ጉልበት ያህል ያለው 600 ሲሲ ያማሃ አር 6 ግን 345 ዋት ገደማ ይሆናል። ለማነጻጸር ያህል፣ ተራ የቤት አውቶሞቢል 60 ዋት አካባቢ ነው።

እንግዲህ ይህ ቁጥር በተግባር ምን ማለት ነው? ኃይል ማለት ጉልበት በፍጥነት ሲባዛ የሚገኝ ውጤት ነው። ስለዚህ ለአንድ ኪሎ ግራም የሚደርሰውን ዋት በፍጥነቱ ብናካፍለው ሊገኝ የሚችለውን ፍጥንጥነት እናገኛለን። በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም በሰከንድ 20 ሜትር የሚጓዝ 150 ሲሲ ሞተርሳይክል፣ የአየሩን ግፊት ብንተወው እንኳ፣ ከ2.5 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር አያልፍም። 600 ሲሲው ሞተሩ ሙሉ ኃይሉን በሚሰጥበት ዙር ላይ ከሆነ ስሌቱ 17 ይሆናል። የመሬት ስበት ፍጥንጥነት 9.8 መሆኑን ያስታውሷል። ጎማው ያን ያህል ጉልበት ወደ መንገዱ ማስተላለፍ አይችልም፤ ወይ የኋላው ይንሸራተታል፣ ወይ የፊተኛው ከመሬት ይነሣል። ጎማው ጉድጓድ ሲመታ የነጂው እጅ ጋዙን ሳያስበው በትንሹ ቢጠመዝዝ፣ 150 ሲሲው በጥቂቱ ያጉረመርማል፤ 600 ሲሲው ግን ከነጂው አእምሮ ቀድሞ ይሄዳል።

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከጥር 2013 ጀምሮ በሥራ ላይ ያዋለው የመንጃ ፈቃድ ሥርዓት በዚሁ ሐሳብ ላይ የተመሠረተ ነው። ጀማሪው ከ125 ሲሲና ከ11 ኪሎ ዋት በማያልፍ ይጀምራል፤ ቀጣዩ ደረጃ እስከ 35 ኪሎ ዋት ይፈቅዳል፤ ከዚያ በላይ ያለው የሚገኘው በልምድ ወይም በዕድሜ ነው። 600 ሲሲው 88 ኪሎ ዋት ያህል ስላለው የመካከለኛውን ደረጃ ጣሪያ በሁለት ተኩል እጥፍ ይበልጣል ማለት ነው።

ከፍታውስ?

እዚህ ላይ የእኅታችን ልጅ መከራከሪያ አላጣም። «በእኛ አገር ከፍታ ሞተር ይደክማል ይባላል፤ ታዲያ ትልቁን ብገዛ ምን አለበት?» አለ። የመጀመሪያው ሐሳብ ትክክል ነው። በ1,900 ሜትር ከፍታ የአየሩ እፍጋት በባሕር ወለል ካለው 83 በመቶ ገደማ ነው። ኦክስጅን ሲያንስ የሚቃጠለው ነዳጅ ስለሚያንስ፣ የ12 ፈረስ ጉልበት ሞተር ሰኮሩ ላይ ወደ 10 ይወርዳል። ካርቡራተር ያለው ሞተር ካልተስተካከለ ነዳጅ ይበዛበትና ያጨሳል፤ ነዳጅን በኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያ የሚረጭ ግን ራሱን ከአየሩ ጋር ያስማማል። ይህ ልንገዛው የምንመርጠውን ዓይነት ይወስናል እንጂ መጠኑን አይወስንም። ከፍታ የሞተሩን ኃይል ይቀንሳል፤ የሞተርሳይክሉንና የነጂውን ግዝፈት ግን አይቀንስም። ቁልቁለቱን ወደ ጊቤ ስንወርድ የሚጎትተን ስበት ከፍታ ደከመኝ አይልም።

ኩርባና ዝናብ

ሞተርሳይክል ኩርባ የሚዞረው በመጋደም ነው። የመጋደሙ መጠን የሚወሰነው በፍጥነቱ ስኩዌርና በኩርባው ራዲየስ ነው። ራዲየሱ 50 ሜትር በሆነ ኩርባ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚዞር ነጂ 14 ዲግሪ ያህል ይጋደማል። በ60 ኪሎ ሜትር ወደ 30 ዲግሪ፣ በ80 ኪሎ ሜትር ደግሞ 45 ዲግሪ ይደርሳል። ከጎማው የሚጠየቀው የሰበቃ መጠን በ40 ኪሎ ሜትር 0.25፣ በ60 ኪሎ ሜትር 0.57፣ በ80 ኪሎ ሜትር 1.0 ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የሚጠየቀው ሰበቃ አራት እጥፍ ሆነ።

ደረቅ አስፋልት ከ0.7 እስከ 0.9 ያህል ሊሰጥ ይችላል። እርጥብ አስፋልት ወደ 0.4 ወይም 0.5 ይወርዳል፤ ጭቃና ጠጠር ከዚያም ያንሳል። ስለዚህ ትናንት በደረቁ በ60 ኪሎ ሜትር በሰላም ያለፍንበት ኩርባ፣ ዛሬ በመጀመሪያው ዝናብ፣ በመንገዱ ላይ የከረመው ዘይትና አቧራ ከውኃው ጋር ሲላቆጥ፣ በዚያው ፍጥነት አያሳልፈንም። ዝናብ በማይጠፋበት በጅማ አካባቢ ይህ የዓመቱ ሰፊ ክፍል ጉዳይ ነው።

ሰበቃን እንደ ገንዘብ እንየው። በኪሳችን ያለውን አንዴ ለኩርባው ካወጣነው፣ ለፍሬን የሚተርፈው ጥቂት ነው። እርጥቡ መንገድ 0.45 ቢሰጠንና ኩርባው 0.40 ቢወስድ፣ በፓይታጎረስ ሕግ መሠረት ለፍሬን የሚቀረን 0.2 ገደማ ብቻ ነው።

ይህንን ስሌት የተማርነው በሰሌዳ ላይ አልነበረም። በውጭ አገር ለዶክትሬት ስንማር ከአንድ የትምህርት ባልደረባ 600 ሲሲ የስፖርት ሞተርሳይክል ገዝተን ነበር። በሁለተኛው ሳምንት፣ የረገፈ ቅጠል በዝናብ በራሰበት መንገድ ላይ፣ ኩርባ መካከል ደንግጠን የፊቱን ፍሬን ጨበጥነው። ፍጥነታችን በሰዓት ከ40 ኪሎ ሜትር አይበልጥም ነበር። የፊተኛው ጎማ ወዲያው ሸሸ፤ የአንገታችን ሥር አጥንት ተሰበረ፤ የቤተ ሙከራ ሥራችንም አንድ ሴሚስተር ዘገየ። የፊዚክስ ተማሪ ነበርን፤ ቀመሩንም እናውቀው ነበር። እጃችን ግን አያውቀውም ነበር።

መቆም

ነጂ አደጋን ካየ በኋላ ፍሬን እስኪይዝ ቢያንስ አንድ ሰከንድ ያህል ያልፋል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር በዚያች ሰከንድ ውስጥ 17 ሜትር እንጓዛለን። በደረቅ አስፋልት ጥሩ ፍሬን ለመቆም 20 ሜትር ያህል ይጨምራል፤ በጠቅላላው 37 ሜትር። በ100 ኪሎ ሜትር ግን ድምሩ 83 ሜትር ይሆናል። ከኩርባው ማዶ የቆመ የጭነት መኪና ወይም መንገድ የምታቋርጥ አህያ እስክንቆም አትጠብቀንም።

ፍሬን ስንይዝ ክብደቱ ወደ ፊተኛው ጎማ ስለሚሸጋገር ከማቆሙ ሥራ አብዛኛውን የሚሠራው የፊቱ ፍሬን ነው። ስለዚህ የፊቱን መፍራት ስሕተት ነው፤ በድንገት መጨበጥም ስሕተት ነው። ትክክለኛው መንገድ ክብደቱ ወደ ፊት እስኪመጣ ድረስ ቀስ በቀስ እያጠበቁ መሄድ ነው። ኤቢኤስ የተባለው መሣሪያ ጎማው እንዳይቆለፍ ስለሚከላከል ለአዲስ ነጂ ከተጨማሪ ሲሲ እጅግ ይበልጣል። ሕንድ ከ125 ሲሲ በላይ ለሆኑ አዳዲስ ሞተርሳይክሎች ኤቢኤስን እ.ኤ.አ. ከ2018 እስከ 2019 ባለው ጊዜ አስገዳጅ አድርጋለች። ወደ እኛ የሚመጣው ግን በስሙ አንድ ሆኖ በዕቃው ሊለይ ስለሚችል፣ ገዢው በዓይኑ ማረጋገጥ አለበት።

ጭንቅላት

እንግሊዛዊው የጦር መኮንንና ጸሐፊ ቲ. ኢ. ሎውረንስ እ.ኤ.አ. በ1935 በሞተርሳይክል አደጋ ሲሞት ካከሙት ሐኪሞች አንዱ ሂው ኬርንስ የተባሉ የአንጎል ቀዶ ሐኪም ነበሩ። ኬርንስ ከዚያ በኋላ የሞተረኞችን የጭንቅላት ጉዳት ማጥናት ቀጠሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1941ም የራስ ቁር ሕይወት እንደሚያድን የሚያሳይ ጽሑፍ አሳተሙ። የብሪታንያ ጦርም ለሞተረኞቹ ሄልሜትን ግዴታ አደረገ። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ፣ ብዙ ጥናቶችን ያጠቃለለ ግምገማ ሄልሜት የመሞትን ዕድል በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን ደግሞ በ69 በመቶ እንደሚቀንስ አመልክቷል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ጭንቅላት ከቁመታችን ያህል ከፍታ ሲወድቅ በሰከንድ 6 ሜትር ያህል ፍጥነት ይኖረዋል። ይህ ፍጥነት በ3 ሚሊ ሜትር ቆዳ ውስጥ ከጠፋ ፍጥንጥነቱ የስበትን 600 እጥፍ ያህል ነው። በ3 ሴንቲ ሜትር የሄልሜት ስፖንጅ ውስጥ ከጠፋ ግን 60 እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ የሄልሜቱ ዋጋ ከበጀቱ ላይ አስቀድሞ ይነሣ፤ የሞተሩ ምርጫ በቀረው ገንዘብ ይሁን። ሄልሜቱ አገጭን የሚሸፍን፣ ማሰሪያው የሚጠብቅ፣ ከዚህ ቀደም ያልወደቀ ይሁን።

ለገዢ

የተናገርነውን በአጭሩ ስናጠቃልል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገዛ ሰው እነዚህን ነጥቦች ቢመለከት መልካም ነው እንላለን።

መጠኑ ከ150 እስከ 250 ሲሲ፣ ቢቻል ኤቢኤስ ያለው ይሁን። በመቀመጫው ላይ ሆነን ሁለቱም እግሮቻችን መሬት በደንብ ይርገጡ፤ የወደቀውንም ብቻችንን ማንሣት እንቻል። የምንኖርበት ቀበሌ መንገዱ ኮረኮንች ከሆነ፣ ከመሬት 13 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ያለና ለስላሳ ጎማ ያለው የስፖርት ሞተርሳይክል ሆዱን በድንጋይ ያስመታል፤ እዚያ መሪው ከፍ ያለ፣ ጎማው ጥርስ ያለው ይመረጣል። ያገለገለ ከሆነ ካቴናው አለመላላቱን፣ የፊቱ ሞላ ዘይት አለማፍሰሱን፣ ሁለቱ ጎማዎች በአንድ መስመር መሄዳቸውን እንይ፤ በሊብሬው ላይ ያለው የሞተርና የሻንሲ ቁጥር ከዕቃው ጋር መመሳሰሉንም እናረጋግጥ። መለዋወጫው ጅማ ላይ የማይገኝ ሞተርሳይክል ምንም ያህል ቢያምር በረንዳ ላይ የሚቆም ጌጥ ነው።

ከክርክራችን ማግስት ከጎረቤት አንድ አሮጌ ሞተርሳይክል ተውሰን ወደ ኳስ ሜዳው ወጣን። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር እየነዳ፣ ድንጋይ ያስቀመጥንበት ቦታ ሲደርስ ፍሬን እንዲይዝ፣ የቆመበትንም በገመድ እንድንለካ ተስማማን። መጀመሪያ 14 ሜትር ሄዶ ቆመ። በአራተኛው ሙከራ የፊቱን ፍሬን ጨብጦ ወደቀ፤ ጉልበቱ ተላጠ፤ የሰበሰብናቸው ሕፃናትም ሳቁበት። ፀሐይ ስትዘቀዝቅ 9 ሜትር ላይ ይቆም ነበር። «አምስቱ ሜትር ስንት ሰው ነው?» አልነው። ገመዱን ተመለከተና ዝም አለ።

አሁን 150 ሲሲ ሞተርሳይክል ይነዳል፤ ሄልሜቱን የገዛው ከሞተሩ አስቀድሞ ነው። ከእናቱ የቡና ገንዘብ የተረፈውንም መልሶላታል። የ600 ሲሲውን ሥዕል ግን ከስልኩ አላጠፋውም፤ «ከሁለት ዓመት በኋላ እንነጋገራለን፣ ጋሼ» ብሎናል። እኛም ተስማምተናል፤ ያን ጊዜ ገመዱን ይዘን እንሄዳለን።