በረዶ የለበሱ ወታደሮችና የ37 ሳንቲም ቴምብር

ዋሽንግተን ዲሲ በሚገኘው የኮሪያ ጦርነት ዘማቾች መታሰቢያ፣ ለደቡብ ኮሪያ ርዳታ የላኩ 22 አገሮች ስም በድንጋይ ላይ ተቀርጿል። ኢትዮጵያም አለችበት። ለጦርነቱ የላከችው የቃኘው ሻለቃ ዘማቾች የልጅ ልጆች እዚያ ቆመው ፎቶ ቢነሡ የሚገርም አይደለም። ከኋላቸው የሚታዩት 19 የብረት ወታደሮች ግን ለ9 ዓመታት ያህል ፍርድ ቤት ያመላለሰ ክርክር አስነሥተዋል።

መታሰቢያው በ1995 እ.ኤ.አ. ተመረቀ። ቀራፂው ፍራንክ ጌይሎርድ ራሱ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘማች ነበር። በ1996 አንድ የቀድሞ የባሕር ኃይል እግረኛ፣ ኮሪያ ለዘመተው አባቱ ስጦታ እንዲሆን ብሎ፣ ከባድ በረዶ በወረደ ማግስት ወታደሮቹን ፎቶ አነሣ። የአሜሪካ መንግሥት ፖስታ ቤት ለፎቶው 1,500 ዶላር ከፍሎ በ2003 ባለ 37 ሳንቲም ቴምብር አድርጎ አወጣው፤ 48 ሚሊዮን ገደማ ተሸጠ። ቀራፂውን ግን ማንም አልጠየቀውም።

ጌይሎርድ በ2006 መንግሥትን ከሰሰ። አንባቢ «ሐውልቱ የሕዝብ አይደለም ወይ?» ይል ይሆናል። የአሜሪካ ሕግ ከአደባባይ የሚታይን ሕንፃ ፎቶ ማንሣት ለማንም ይፈቅዳል፤ ለሐውልት ግን ይህን ፈቃድ አልሰጠም። ስለዚህ መንግሥት ወደ «ፍትሐዊ አጠቃቀም» ተሸሸገ። ይህ ደንብ የተወሰደበትን ዓላማ፣ የሥራውን ጠባይ፣ የተወሰደውን መጠንና በገበያው ላይ ያደረሰውን ጉዳት ይመዝናል። የሥር ፍርድ ቤት በ2008 በረዶው ቅርጹን ሌላ አድርጎታል ሲል ለመንግሥት ፈረደ። ይግባኝ ሰሚው በ2010 ሻረው፦ ሐውልቱም ቴምብሩም የቆሙት ዘማቾችን ለማክበር ነው፤ በረዶ መጣሉም ቀራፂውን መብቱን አያሳጣውም።

እኔም ከይግባኙ ጋር ነኝ። በረዶ የማንም የፈጠራ ሥራ አይደለም። ከዳኞቹ አንዷ ግን በልዩነት የጻፉት መታለፍ የለበትም፤ በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ የሕዝብ መታሰቢያ ነው፣ መንግሥት እንዴት ሊጠቀምበት አይችልም ነው ክርክራቸው። ለዚህ ጥያቄ ቦታው ሐውልቱ ሲታዘዝ የተፈረመው ውል ነበር።

ካሳውም ብዙ አነታረከ። መጀመሪያ 5,000 ዶላር ተወሰነለት። በመጨረሻ ግን ሰብሳቢዎች ገዝተው ያስቀመጡት የ5.4 ሚሊዮን ዶላር ቴምብር ታስቦ፣ የዚያው 10 በመቶ ከነወለዱ 684,844 ዶላር ሆኖ ተፈረደለት። ውሳኔው በ2015 ጸና።

ፖስታ ቤቱ ተምሮበት ይሆን? ያ ክርክር ገና በእንጥልጥል ሳለ፣ የነፃነት ሐውልትን ቴምብር አወጣ፤ ፎቶው ግን የኒው ዮርኩ ሳይሆን ላስ ቬጋስ ሆቴል ደጃፍ የቆመው ቅጂ ኖሯል። ስሕተቱ ከታወቀ በኋላም ኅትመቱ ቀጠለ። በ2018 ለቅጂው ቀራፂ ለሮበርት ዴቪድሰን ከ3.5 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዲከፈል ተፈረደ።

መታሰቢያው አጠገብ ለማስታወሻ ፎቶ የሚነሣ ቤተሰብ ከዚህ ሁሉ የሚያሰጋው የለም። ጣጣው የሚመጣው ምስሉ ቴምብር፣ ካርድ ወይም ካናቴራ ሆኖ ገበያ ሲወጣ ነው። ሐውልት የምታሠሩ ማኅበራትና መሥሪያ ቤቶች ሆይ፣ ፎቶውን ማን፣ ለምን፣ በስንት ሊጠቀምበት እንደሚችል ቀራፂው መዶሻውን ሳያነሣ በፊት በውላችሁ ውስጥ ጻፉ።