ጉድጓዱና መጸዳጃው

ባለፈው ክረምት የአራት ዓመት የልጅ ልጄን ተቅማጥ ያዘው። ኦአርኤስ በጥብጬ በማንኪያ እየሰጠሁ ሌሊቱን ቁጭ ብዬ አደርኩ። በሦስተኛው ቀን ልጁ ዓይኑ በርቶ እንጀራ ጠየቀ። እኔ ግን ነገሩን መተው አልቻልኩም፤ ውሃ ከየት እንደሚቀዱ ለማየት ወደ ጓሮ ወጣሁ።

ልጄ ቤት የሠራው በወረታ ዳር፣ በቁሐር ሚካኤል በኩል ነው። ለክትባት በእግሬ ስዞር የማውቀው የሩዝና የግጦሽ መሬት ዛሬ ቆርቆሮ ለብሷል። ጉድጓዱን አየሁ፤ ከአጥሩ ወዲያ የጎረቤት መጸዳጃ ቤት አለ። በእርምጃ ብለካው አሥራ አንድ ሆነ። ፎገራ ደግሞ ሜዳ ነው፤ ርብና ጉማራ ሲሞሉ የከርሰ ምድሩ ውሃ ወደ ላይ ይወጣል። የ1998 ዓ.ም. ክረምት ጎርፍን ያየ ሰው ይህን አይረሳውም። ያኔ ጉድጓድና መጸዳጃ አንድ ይሆናሉ።

«ቢያንስ 30 ሜትር ይራራቁ» እያልኩ ስንት ዓመት አስተምሬያለሁ! የልጄ ቦታ ግን 10 በ20 ነው። ሠላሳው ሜትር ከየት ይመጣል? ለካ ያ ትምህርት የገጠር ትምህርት ነበር።

ሀብታሞቹ አገሮችም በዚህ አልፈዋል። ለንደን በ1800 እ.ኤ.አ. ገደማ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ነበራት፤ በመቶ ዓመት ውስጥ ከስድስት ሚሊዮን በላይ ሆነ። በ1854 ሐኪሙ ጆን ስኖው በአንድ ሰፈር የተነሣውን ኮሌራ ተከታትሎ ምንጩ የሕዝብ የውሃ ፓምፕ መሆኑን አሳየ፤ እጀታውም ተነቀለ። በ1858 የቴምዝ ወንዝ ግማት ምክር ቤቱ ድረስ ሲገባ ግን ገንዘቡ ቶሎ ተገኘ። (ሹማምንት አፍንጫቸው ሲነካ ይፈጥናሉ።) የከተማው ትልልቅ የፍሳሽ ቦዮች ተሠሩ።

ልዩነቱ ይህ ነው፤ እነርሱን ወደ ከተማ የጠራቸው በአመዛኙ ፋብሪካ ነበር፤ ቦዩንም ለመክፈል ሀብት ነበራቸው። የእኛን ልጆች የሚገፋቸው የመሬት ማነስ ነው። የአባት ማሳ ለአራት ልጅ ሲካፈል የመጨረሻው ወረታ ይገባል፤ የሚጠብቀው ባጃጅ፣ የቀን ሥራ ወይም ሻይ መሸጥ ነው። ዛሬ በሀብታም አገሮች ከአሥር ሰው ስምንቱ ገደማ ከተሜ ነው፤ የቀራቸው ዕድገት ጥቂት ነው። እኛ ግን ከአራት ሰው ሦስቱ ገደማ ገና ገጠር ነን። የሚመጣው ሰው ብዙ ነው፤ ቧንቧውም ከቤቱ በኋላ ነው የሚደርሰው።

ደግነቱ የስኖው ዘመን ሰዎች የተከራከሩበትን እኛ እናውቃለን። የጉድጓዱን ውሃ ለልብስና ለወለል አደረግነው፤ የሚጠጣው ይፈላል ወይም በክሎሪን ይታከማል።

ልጄ «እማዬ፣ መጸዳጃውን እንዲያርቅ ልንገረው?» አለኝ።

«ወዴት? ወደ ሌላው ጎረቤት ጉድጓድ?» አልኩት።

በቀጣዩ እሑድ የእድር ስብሰባ ነበር። ከጎረቤትየው ጋር አብረው ሄደው የቧንቧ መስመር ጥያቄ በሰፈሩ ስም እንዲቀርብ አስመዘገቡ። መዋጮውም ተጀምሯል፤ የእኔን ከጡረታዬ ከፍያለሁ።