በደቂቃዎች ውስጥ የሚሞተው ቁጥር

ወገዳ፦ ከስማዳ የገጠር ቀበሌዎች እህል ጭኖ ወገዳ ገበያ የወጣ አርሶ አደር የሸጠበትን ብር በመቀነቱ ቋጥሮ መመለስ ግድ የማይኾንበት ጊዜ ላይ ደርሷል። ቴሌብር ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም ሥራ ከጀመረ ወዲህ ኢንተርኔት በሌለው ስልክም ቢኾን *127# በመደወል ገንዘብ መላክና መቀበል ይቻላል። ስልክ የገንዘብ መያዣ ሲኾን ግን ሌባውም መንገዱን ቀየረ። በር አይሰብርም፤ ደውሎ ቁጥር ይጠይቃል።

የሚጠይቀው ብዙ ጊዜ የአንድ ጊዜ የይለፍ ቁጥር የሚባለውን ነው። ይኽ ከቋሚው የሚስጥር ቁጥር ይለያል። ቋሚው እንደ ጎተራ ቁልፍ ነው፤ አንድ ጊዜ የሰረቀው ደጋግሞ ይከፍትበታል። ጊዜያዊው ግን በዚያው ሰዓት ተፈጥሮ ወደተመዘገበው ስልክ ይላካል፤ አንድ ጊዜ ከሠራ ወይም ጥቂት ደቂቃዎች ካለፉት ዋጋ የለውም። አሜሪካዊው የኮምፒዩተር ሊቅ ሌስሊ ላምፖርት እ.አ.አ በ1981 ባሳተመው ጽሑፍ መስመር ጠልፎ የሚያዳምጥ ሰው የሰማውን የይለፍ ቃል ዳግም እንዳይጠቀምበት የሚያደርግ ዘዴ አሳይቷል።

ተመራማሪዎችም በዚሁ መንገድ ይጠበቃሉ። በጄኔቭ የሚገኘው የሰርን ቤተ ሙከራ ስሌቱን በብዙ ሀገራት ለተበተኑ ኮምፒዩተሮች ያከፋፍላል። ተመራማሪው ዋና ቁልፉን ወደ ባዕድ ኮምፒዩተር አይልክም፤ በራሱ ኮምፒዩተር ላይ አጭር ትእዛዝ ጽፎ በተለምዶ 12 ሰዓት ብቻ የሚጸና ውክልና ያወጣል። ውክልናው ቢሰረቅ እንኳ ጉዳቱ በዚያ ጊዜ ይገደባል። ፍርድ ቤት የሚያውቀው ውክልናም ቢኾን በጊዜና በጉዳይ ተለይቶ ሲሰጥ ነው ስጋቱ የሚቀንሰው።

ይኹን እንጂ የዕድሜው ማጠር ብቻውን አያድንም። አጭበርባሪው "ሽልማት ደርሶዎታል" ብሎ የሚደውለው በሌላ እጁ የተጠቂውን ሒሳብ ለመክፈት እየሞከረ ነው። ባለቤቱ ቁጥሩን ሲያነብለት ቁጥሩ ገና በሕይወት አለ። ማንበብ የማይችሉ ወላጆች መልእክቱን በጎረቤት ወይም በሱቅ ሰው የሚያስነብቡ መኾናቸው ደግሞ አደጋውን ያብሰዋል፤ ለዚኽ የሚታመን የቤተሰብ አባል መምረጥ ይገባል።

ግራ የሚያጋባ ጉዳይ አለ። ባለ 12 አሐዙን የፋይዳ ቁጥር ይዞ ባንክ የቀረበ ደንበኛ ማንነቱ ሲረጋገጥ ወደ ስልኩ ቁጥር ሊላክለት ይችላል፤ እዚያ መጠቀሙ ነውር የለውም። ልዩነቱ ጉዳዩን ማን ጀመረው የሚለው ነው። ደንበኛው ራሱ ባንክ ቀርቦ ካስጀመረው ቁጥሩ የሥራው አካል ነው። ሳይጠይቅ የተላከለትን ቁጥር በስልክ የሚጠይቀው ሰው ግን ራሱን የባንክ ሠራተኛ ነኝ ቢልም ሊነገረው አይገባም።

ቁጥሩን የነገረ ሰው በሐፍረት ዝም ማለት የለበትም። የሚስጥር ቁጥሩን ወዲያው መቀየር፣ ወደ 994 መደወል፣ ባንኩን ማሳወቅና ለፖሊስ ማመልከት ይኖርበታል። ሲም ካርድ የጠፋበትም እንዲሁ ሳይውል ሳያድር ማሳገድ አለበት፤ ቀጣዩ ቁጥር የሚላከው በዚያው ሲም ነውና።