ውሃ እየጎደለ ጠዋት አልነሳ ለሚል የድሮ ጭነት መኪና

ሰሞኑን በውስጥ መስመር ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ አንድ ዓይነት ናቸው። “መኪናዬ ውሃ ይጎድለዋል፤ ጠዋት ደግሞ ብዙ ካዞርኩት በኋላ እየተንቀጠቀጠ ነው የሚነሳው። ምን ልቀይር?” ውሃው የት እንደሚሄድ እስክታውቁ ድረስ ምንም አትቀይሩ። ሁለቱ ችግሮች የአንድ በሽታ ምልክት ሊሆኑ ይችላሉ፤ ጭራሽ የማይገናኙ ሁለት ጥቃቅን ብልሽቶችም ሊሆኑ ይችላሉ። አንድ ከሆኑ ብዙውን ጊዜ ቴስታታ መውረዱ አይቀርም። ለየብቻ ከሆኑ ግን ነገሩ በአንድ ፋሸታና በአንድ የናፍጣ ቱቦ ሊያልቅ ይችላል። የዋጋው ልዩነት ቤተሰብ የሚያናጋ ስለሆነ ነው ዘርዘር አድርጌ የምጽፈው።

ከውጭ እንጀምር፣ ርካሹ እሱ ነው። ማታ መኪናው ሲቆም ከሞተሩ ሥር ንጹሕ ካርቶን አንጥፉ። ጎማ ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር፣ ቀን ሞተሩ ሞቆ ሳለ ጠብ የማይለው ፋሸታ ሌሊት ያንጠባጥባል። ስለዚህ ቀን አይቶ “ደረቅ ነው” ማለት አይቻልም። ቀጥሎ ጋቢናውን አንሡና የውሃ ፓምፑን ከሥር በባትሪ መብራት እዩት። ከፑሌጃው ጀርባ ትንሽ ቀዳዳ አለች። የተሠራችውም የፓምፑ ሲል ሲያረጅ ውሃው በእሷ ወጥቶ እንዲታይ ነው። ከእሷ ወደ ታች የወረደ ነጭ ወይም የዛገ መስመር ካለ ፓምፑ መቀየር አለበት። ቀዳዳዋን በሲሊኮን የሚደፍኑ አሉ፤ እባካችሁ አታድርጉት። መውጫ ያጣው ውሃ ወደ ኩሽኔታው ይገባል፣ ከዚያ ፓምፑ መንገድ ላይ ይነክሳል።

የራዲያተሩን ክዳን ሰው ይንቀዋል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ስለሚበልጥ እዚህ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ብዙ ቴርሞስታት ደግሞ መከፈት የሚጀምረው በ82 ዲግሪ ነው። በመካከላቸው ያለው 10 ዲግሪ ብቻ መሆኑን ልብ በሉ። በርካታ ክዳኖች ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር አለ፤ ክዳኑ በባር ምን ያህል ግፊት እንደሚይዝ ይናገራል። 0.9 የሚይዝ ጤነኛ ክዳን አዲስ አበባ ላይ የመፍያውን ነጥብ ወደ 114 ዲግሪ ያደርሰዋል። ላስቲኩ የተሰነጠቀ ክዳን ግን ያንን ሁሉ ይነጥቃችኋል። ስትገዙም ለመኪናው የተባለውን ቁጥር እንጂ ከፍ ያለውን አትምረጡ፤ ያረጀ ራዲያተር ያፈነዳል። የሞቀ ሞተር ክዳን ደግሞ በጨርቅም ቢሆን አይከፈትም፤ እንፋሎቱ ፊት ይልጣል።

አሁን ወደ ጠዋቱ እንምጣ። ቁልፍ ሲዞር መጀመሪያ ሞተሪኖው እንዴት እንደሚያዞር አዳምጡ። ከብዶት ቀስ እያለ ካዞረ ባትሪ፣ የባትሪ ገመድ ወይም ራሱ ሞተሪኖው ነው። በደንብ እያዞረ ሞተሩ የማይነሳ ከሆነ ናፍጣ ወይም ሙቀት ጎድሏል። ሌሊት ናፍጣው ወደ ታንከሩ ተመልሶ አየር ገብቶ እንደሆነ ለማወቅ፣ ቁልፍ ሳታዞሩ የናፍጣ ፊልትሮው ላይ ያለውን የእጅ ፓምፕ ተጫኑት። መጀመሪያ ልል ሆኖ ቆይቶ ከጠነከረ፣ ከዚያም ሞተሩ ወዲያው ከተነሳ፣ ከውሃው ጋር የማይገናኝ የአየር ችግር ነው ያለባችሁ። የማሞቂያ ካንዴላዎቹን ደግሞ ገመዳቸውን ፈትቶ አንድ በአንድ መለካት የደቂቃዎች ሥራ ነው።

ሦስተኛው ዓይነት ድምፅ ነው የሚያሳስበኝ። ሞተሪኖው ፈጠን ብሎ እያዞረ፣ አንዷ ዙር ላይ ብቻ ትንሽ ያዝ ያደርገዋል። ባለፈው ክረምት ደሴ መስመር የሚሠራ አንድ ወዳጄ መኪና ላይ የሰማሁት ይህንን ነበር። ውሃ በየጠዋቱ ይጨምራል፤ ባትሪው ተቀይሯል፣ ሞተሪኖው ተፈትቶ ተሠርቷል፤ ጠዋት ግን ሞተሩ በሦስት ሲሊንደር ተነሥቶ ነጭ ጭስ እየተፋ ይንቀጠቀጥና ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ደህና ይሆናል። የላይኛውን የራዲያተር ቱቦ ጨበጥኩት። ሞተሩ አድሮ ቀዝቅዞ ሳለ ቱቦው ጠንካራ ነበር። የቀዘቀዘ ሞተር ቱቦ ልል መሆን አለበት፤ አድሮ ከጠነከረ ከሲሊንደር የወጣ ጋዝ ተጠራቅሞበታል ማለት ነው።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ናፍጣው እንዳይረጭ ማጥፊያውን ነቅለን፣ አራቱንም ካንዴላ ፈታንና ከፊቱ ዞር ብለን ሞተሪኖውን አዞርን። ከሦስተኛው ቀዳዳ ቡናማ ውሃ እስከ ጋቢናው ሥር ተረጨ። ሌሎቹ ደረቅ ነበሩ። ይህን ሳያዩ በየጠዋቱ ቁልፍ መምታት አደገኛ ነው፤ ውሃ እንደ አየር አይታመቅም፣ ሲሊንደር ውስጥ ከበዛ ቢየላ ያጎብጣል።

ብዙ ሰው “የኩላንት ጭስ ጣፋጭ ሽታ አለው” ሲባል ሰምቶ ሽታ ይፈልጋል። እኛ ዘንድ ግን አብዛኛው መኪና የቧንቧ ውሃ ስለሚሞላ ሽታ አይኖርም። በአንጻሩ ዓይን የሚያቃጥል ነጭ ጭስ ያልተቃጠለ ናፍጣ ነው፤ ያ ወደ ካንዴላና ኢንጀክተር ይመራችኋል።

ዘይቱንም ሳታዩ አትለፉ። የዘይት ክዳኑ ሥር ያለ ጥቂት ነጭ አረፋ ብቻውን ማስረጃ አይደለም፤ አጭር መንገድ የሚሠራ መኪና በጤዛም ያመጣዋል። መኪናው ካደረ በኋላ የዘይት ማፍሰሻውን ቡሎን በትንሹ ላላ አድርጉት። ውሃ ከዘይት ስለሚከብድ፣ ካለ ቀድሞ የሚወጣው እሱ ነው። ዘይት ራዲያተር ውስጥ ተንሳፍፎ ዘይቱ ግን ንጹሕ ከሆነ፣ ቴስታታውን ከመክሰሳችሁ በፊት የዘይት ማቀዝቀዣውን አስፈትሹ፤ ሞተር ሲሠራ የዘይት ግፊት ከውሃው ስለሚበልጥ ዘይቱ ነው ወደ ውሃው የሚያልፈው።

የወዳጄ ቴስታታ ሲወርድ ጋስኬቱ በሦስተኛው ሲሊንደርና በውሃ መተላለፊያው መካከል ተበልቶ ተገኘ። ቴርሞስታቱ “ሙቀት ይቀንሳል” ተብሎ ከዓመታት በፊት ወጥቷል። ጭኖ ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር ሲወጣ ደጋግሞ ሙቀት ሠርቶበት ነበር፤ እዚያ ከፍታው ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ክዳኑ ግፊት ካልያዘ ውሃው በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ቴርሞስታት ማውጣት መድኃኒት መስሏቸው የሚያደርጉት ብዙ ናቸው። ሞተሩ ግን ሜዳ ላይ ቀዝቅዞ እየሠራ ናፍጣ በደንብ አያቃጥልም፣ ካርቦን ይይዛል፣ ዳገት ላይ ደግሞ የታመመ ራዲያተር ካለ አያድነውም።

ጋስኬት ብቻ ቀይሮ መግጠም አይበቃም። ቴስታታው ቶርኖ ቤት ሄዶ ቀጥተኛነቱ ይለካ፣ በግፊት ስንጥቅ ይፈተሽ። ቡሎኖቹ ከመሐል ወደ ዳር፣ በቶርክ ቁልፍ፣ በደረጃ ይጠበቁ። ቴርሞስታቱ ይመለስ፣ አዲስ ክዳን ይግባ፣ ኩላንት ከተጣራ ውሃ ጋር እኩል በእኩል ይሞላና አየሩ ይውጣ። ከዚያ ለጥቂት ቀናት ጠዋት ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ ደረጃውን እዩ፤ አየር ሲወጣ መጀመሪያ ትንሽ ዝቅ ማለቱ አያስደንግጣችሁ።

ጥያቄ የምትልኩልኝ፣ ሞተሩ ካደረበት ሲነሳ ያለውን ድምፅና የጭሱን ቪዲዮ፣ የላይኛው ቱቦ ከመነሳቱ በፊት ልል ወይም ጠንካራ መሆኑን፣ የምትሞሉትም ውሃ ይሁን ኩላንት አብራችሁ ጻፉልኝ።