ስለ ሙዚቃ ድምፅ ጥራት በእጅ ስልክ

በጂንካ ቅዳሜ ገበያ ወጣቶች በእጅ ስልካቸው ዘፈን ሲያሰሙ የሚያደምጥ ሰው፣ ድምፁ ቀጭንና ሻካራ መሆኑን ያስተውላል። ጥፋቱም የስልኩ ብቻ ይመስለዋል፤ ዳሩ ግን ጉዳቱ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከፋይሉ ነው።

ኤምፒስሪ የሚባለው ፋይል ቦታ ለመቈጠብ ሲል፣ ጆሮ እምብዛም አይለየውም ተብሎ የታሰበውን ድምፅ ይጥላል። በሴኮንድ 320 ኪሎቢት የተያዘው ከዋናው ብዙም አይራራቅም፤ ወደ 64 ሲወርድ ግን ጉድለቱ ይሰማል። ይኸውም የሐመር ሴቶች በከብት ዝላይ ሥርዓት በእግራቸው በሚያስሩት ቃጭል ይታወቃል፤ ጥርት ያለው ድምፁ ውሃ ውስጥ እንደ ገባ ሆኖ ይደፈርሳል። ፍላክ የሚባለው መጠኑ ቢበዛም አንዳች አይጥልም። ነገር ግን ኤምፒስሪን ወደ ፍላክ መለወጥ የጠፋውን አይመልስም፤ ዱቄት ተመልሶ እህል እንደማይሆን ነው።

ስለዚህ የሽማግሌዎችን ዜማ የቀዳ ተማሪ ዋናውን ፋይል አይደምስስ። ካርድ ይበላሻልና በሁለት ስፍራ ያኑረው፤ ሳይለወጥ መቶ ጊዜ ቢገለበጥ አይጐድልም። በቴሌግራም ሲልክም በሌላ ስልክ አሰምቶ የድምፅ መልእክት ከመቅዳት ይልቅ ፋይሉን ራሱን ይላክ።

የስልኩ ድምፅ ማውጫ ትንሽ ስለ ሆነ በቂ አየር አይገፋም፤ የኤቫንጋዲ ጭፈራ የእግር ድቅታ የማይሰማው ስለዚህ ነው። ከጆሮ በደንብ የሚገጥም ባለ ገመድ ማዳመጫ ይህን ወፍራም ድምፅ ይመልሳል። ብሉቱዝ ይመቻል፤ ሆኖም ድምፁን ዳግመኛ ይጨምቀዋል። ስልኩን በባዶ ጣሳ ውስጥ ማኖርም ድምፁን ያጐላዋል እንጂ አያጠራውም።